ሸሚዝ የሚከፍት ቁልፍ

ጥር 9

ለእህቴ ልጅ፣ ለጥንቅቅ፤

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ሞቆሽ፣ ጠግበሽ፣ እግርሽም ከቀኑ ሥራ አርፎ ያግኝሽ። እኛ ደህና ነን። ከደህናም በላይ ነን ልልሽ ነበር፤ ነገር ግን ባንቺ ላይ አቤቱታ ስላለኝ እሱን ላስቀድም።

የላክሽልኝ ሸሚዝ ደርሷል። ቀለሙ ያምራል፣ ልኩም ልኬ ነው። ግን ለመሆኑ ምን በድዬሽ ነው? ዕድሜውን ሙሉ ቁልፍ ሲሸጥ ለኖረ ሰው ቁልፍ የሌለው ሸሚዝ ይላካል? ከላይ እስከ ታች ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ እያለ በብረት ነጥብ የሚዘጋ! ለብሼው ሱቅ ስገባ ሳጥኖቼ ፊታቸውን ያዞሩብኝ መሰለኝ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ከላይ እስከ ታች አይቶኝ፣ “አንተ ሰው፣ ሃይማኖት ቀየርክ እንዴ?” አለኝ። አክስትሽ ደግሞ ሳስነጥስ አራቱ በአንዴ ተበረገዱ ብላ ለመንደሩ ስታወራ ሰነበተች። ሐሰት ነው። ሦስቱ ናቸው የተከፈቱት።

አቤቱታዬ ይኸው ነው። አሁን ወደ ወሬው።

የከተማው ምክር ቤት የሽያጭ ግብር ሊጨምር አስቧል። እስካሁን ከመቶ አሥር ነበር፤ አሥራ አምስት ይሁን የሚል ረቂቅ ወጥቷል። ገና አልጸደቀም። ነጋዴው ግን ከአሁኑ ጥርሱን እንደሚያመው ሰው ጉንጩን ይዞ ይዞራል። ወረቀት ሻጯ፣ “ከእንግዲህ ደብተር በቅጠል ነው የምሸጠው” እያለች ነው።

የኔን ደግሞ ስሚ። እኔ ዘንድ የሚመጣ ሰው የሚፈልገው አንድ ቁልፍ ነው፤ ከኮቱ ላይ የጠፋችውን አንዷን። ዋጋዋ ከነግብሯ አንዲት ድፍን ሳንቲም ነው። ግብሩ ሲጨምር ሳንቲምና ቁራሽ ትሆናለች። ያቺ ቁራሽ ደግሞ በየትኛውም ኪስ ውስጥ የለችም፤ አልተሠራችም! ደንበኛው ሊሰጠኝ አይችልም፣ ግብር ሰብሳቢው ግን ከኔ ይቀበላታል። ሁለት ሳንቲም ብዬ ብጠራ ሌባ እባላለሁ። ትልቁ መደብር በካርቶን ላይ ደርዘን ሰፍቶ ስለሚሸጥ ቁራሿ እዚያው ውስጥ ትሟሟለታለች። አንድ ለጠፋበት ሰው ደርዘን ምን ያደርግለታል? ከአሥራ አንዱ ጋር ምን ሊያወራ ነው?

ይህ አላሳቀኝም። ያሳቀኝ ሌላ ነው። ረቂቁ ላይ እቃዎች በየክፍላቸው ተዘርዝረዋል። ልብስና የልብስ ነገር አሥራ አምስቱ ውስጥ ነው። “የብረታ ብረትና የጥበቃ እቃዎች” የሚባል ሌላ ክፍል አለ፤ እሱ ከመቶ ሃያ አምስት ይከፍላል። ውስጡ እነማን አሉ? ሰንሰለት፣ ጓጉንቸር፣ ካዝና፣ ቁልፍ። የንግድ ፈቃዴ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ፤ “የቁልፍ ንግድ”። እና ከጥር ወር ጀምሮ የካዝና ወንድም ሆኛለሁ። ስትጽፊልኝ “ክቡርነትዎ” በይኝ።

ታፔላዬም ያው “ቁልፍ እዚህ አለ” እንዳለ ነው። ቤቱ ተቆልፎበት እያለከለከ የሚመጣውን ሰው ታስታውሻለሽ? አንቺ ከባንኮኒው ሥር ተደብቀሽ አፍሽን ይዘሽ ትስቂ ነበር።

“ቁልፍ አለ?”

“ሞልቶ! ባለሁለት ቀዳዳ ነው ባለአራት?”

ዛሬም ይመጣሉ። ተሳስቶ ገብቶ ቢያንስ ክር ሳይገዛ የወጣ የለም። ለዚህ ብዬ ነው ታፔላዬን የማላስተካክለው።

ገንዘብ እንዳትልኪ፤ ወሬ ላኪ።

አጎትሽ፣ የካዝና ወንድም


ጥር 28

ለውድ ጋሼ፤

ጤናህን አብዝቶ፣ ሳቅህን ሳያጎድል ያቆይልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ላውንደሪ ቤቱ ሥራው እንዳለ ነው፤ ቀን እንፋሎት፣ ማታ እግር። አሠሪዬ ቁልፍ የጎደለበትን ልብስ ሁሉ ለኔ ትጥለዋለች። “አንቺ ከቁልፍ ቤት ነው የመጣሽው” ትለኛለች፤ ስለ አንተ ነግሬያት ነው።

ለሸሚዙ አቤቱታህ መልስ አለኝ። ቁልፍ ያለው ብልክልህ ኖሮ፣ “ይህን የመሰለ ርካሽ ቁልፍ ደረቴ ላይ ደረደርሽብኝ” ብለህ ሁለት ገጽ ትጽፍብኝ ነበር። አልተሳሳትኩም አይደል?

ደብዳቤህን አንብቤ ሳቅሁ። ሁለተኛ ሳነበው ግን ሳቁ ከመሃል ቀረ። ጋሼ፣ እኔ በምኖርበትም ከተማ ባለፈው ዓመት እንዲሁ ጨምረው ነበር። ዝርዝር ውስጥ አንድ ጊዜ በስህተት የገባ ነገር ማን እንዳስገባው እንኳ አይታወቅም፣ የሚያወጣውም ሰው አይገኝም። ረቂቁ እስኪጸድቅ አትጠብቅ። ዛሬ ነገ ሳትል ቢሮ ሂድና ፈቃድህ ላይ “የልብስ ቁልፍ” አስብለው። ታፔላውንም አስተካክለው። ከፈለግህ “አዝራር” በለው፤ አዝራር የሚከፍተው በር ስለሌለ ማንም አይሳሳትም።

ደግሞ አንድ ነገር። አክስቴ በደብዳቤህ ግርጌ ሁልጊዜ ሁለት መስመር ትጨምርልኝ ነበር። “ብይ፣ ልበሽ” ብቻም ብትሆን። በዚህኛው የለችም። ሰላም ናት?

የእህትህ ልጅ


የካቲት 24

ለጥንቅቅ፤

ሰማዩ ደጅሽ ላይ ይብራ፣ እንፋሎቱም ይቅለልሽ። ስለዘገየሁ አትቆጪ። ቢሮ ሂድ ብለሽ የላክሽኝ ራስሽ ነሽ፤ ከዚያ ቶሎ የተመለሰ ሰው ካለ አሳዪኝ።

ሄድኩልሽ። መስኮቱ ጋ ያለችው ሠራተኛ ጨዋ ልጅ ናት።

“ምን ልርዳዎት አባቴ?”

“አንድ ቃል ላስተካክል ነው። ቁልፍ የሚለውን።”

“ምን ሆነ?”

“እኔ የምሸጠው የልብስ ነው። የናንተ ዝርዝር የበር አድርጎታል።”

“ቁልፍ ቁልፍ ነው አባቴ።”

“እንግዲያውስ ልጄ፣ ዛሬ ቤትሽ ስትደርሺ በሩን በኮትሽ ቁልፍ ሞክሪው እስኪ።”

ሳቀች። ስትስቅ ተስፋ አደረግሁ። ፋይሌን አወጣች፣ ገለጠች፣ ሳቋንም መልሳ ዘጋች።

“ማስተካከል ይቻላል” አለችኝ። “ግን መዝገቡ ላይ ያሉት ከብረታ ብረት ጋር ነው። ‘ስሸጥ የኖርኩት የልብስ ቁልፍ ነው’ ብለው ከፈረሙ፣ እስከ ዛሬ በሌለዎት ፈቃድ ነግደዋል ማለት ነው። ቅጣቱ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ነው የሚመጣው።”

“ካልፈረምኩስ?”

“ያው የብረታ ብረት ነጋዴ ነዎት። ረቂቁ ሲጸድቅ ሃያ አምስቱን ይከፍላሉ።”

“ፈቃዱ እኮ የበር አይልም! ቁልፍ ነው የሚለው።”

“እሱን እኮ ነው የምልዎት፤ ቁልፍ ቁልፍ ነው።”

እና ገብቶሻል? ቀኝ ስዞር ያለ ፈቃድ የነገደ ወንጀለኛ ነኝ፤ ግራ ስዞር ካዝና ሻጭ። መሃል ላይ የቆመው ቁልፍ ሻጭ የትም አልተመዘገበም።

አዝራር ያልሽውን ለልብስ ሰፊው ነገርኩት። መድኃኒት መስሎት፣ “አዝራር በቀን ስንቴ ነው የሚዋጠው?” አለኝ። ስለዚህ እሱን ተይው።

ሌላ ወሬ፤ በመጋቢት መጨረሻ ምክር ቤቱ ትንንሽ ነጋዴዎችን ጠርቶ ያዳምጣል አሉ። የኛ መንገድ ሱቆች ስለ ሁላችን እንድናገር እኔን መረጡኝ። ወረቀት ሻጯ ብቻ ተቃወመች። “እሱ ከተናገረ ሰዎቹ በሳቅ ይሞታሉ፣ ግብሩ ግን ይጸድቃል” አለች። ቅናት ነው።

ለምን አትደውልም ትይኛለሽ። ስልክ ላይ “ደህና ነኝ” ከማለት ሌላ አይወጣልኝም። ፊደልን ያስተማረኝ የለም፤ ቁልፍ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ እየለቀምኩ ነው የተማርኩት። ስለዚህ የሚከብደኝን ነገር ወረቀት ይቀበለኛል።

አክስትሽ ሰላም ብላሻለች።

አጎትሽ


መጋቢት 6

ለተከበሩ አጎቴ፤

እንደምን ከርመዋል? እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። “አክስትሽ ሰላም ብላሻለች” የሚለውን አነበብኩ፤ በእርስዎ እጅ የተጻፈ ነው። እሷ ሰላም ማለት ስትፈልግ ራሷ እንደምትጽፍ እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።

ስላላስቻለኝ ለልብስ ሰፊው ደወልኩ። ሱቁ ከሰዓት በኋላ ዝግ ነው አለኝ። አንድ ቀን አይደለም፤ ሁልጊዜ ነው አለኝ። ለምን ስለው፣ “እሱን አጎትሽን ጠይቂ” ብሎ ስለ አየሩ ማውራት ጀመረ። ልብስ ሰፊው ስለ አየር ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ሱቁን የምትይዘው አክስቴ ነበረች። የት ነው የምትውለው?

ገንዘብ አትላኪ ብለዋል። የምልከው ስላለኝ ነው የምጠይቀው። ለቤት ኪራዩ ይሁን፣ ለቅጣቱ ይሁን፣ ይንገሩኝና ልላክ። ካልነገሩኝ ግን ለማን ምን እንደምልክ አላውቅም።

ቀልዱን አልጠላሁትም። በቀልዱ ውስጥ የደበቁትን ነው የጠላሁት።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 14

ለጥንቅቅ፤

በረከት ይከተልሽ፣ ቁጣሽንም ያብርድልሽ።

“እርስዎ” አልሽኝ። ፖስታውን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። አምስት ዓመት ሳይሞላሽ፣ ከረሜላ ከልክዬሽ ጥግ ላይ ቆመሽ፣ “እርስዎን አልወድዎትም” ያልሽኝ ቀን ትዝ አለኝ። ከዚያ ወዲህ አላልሽኝም ነበር። ስለዚህ እነግርሻለሁ፤ አዳምጪ።

ረቂቁ ገና ሳይጸድቅ ጅምላ አከፋፋዩ እንደ ጸደቀ ቆጥሮ ዋጋውን ሰቀለ። “ሲጸድቅ ከየት አምጥቼ ልክፈል?” ነው የሚለው። እኔ ግን ለደንበኛዬ አልሰቀልኩም፤ አንዲት ሳንቲም ይዞ የመጣን ሰው ምን ብዬ ልመልሰው? እንዲህ እንዲህ እያለ ሱቁ ሁለት ሰው ማብላት ተወ። አክስትሽ ከሰዓት በኋላ ልብስ ማምረቻ ገብታለች። ምን ትሠራለች ብትዪ፣ ቁልፍ ትሰፋለች። እኔ ስሸጠው የኖርኩትን እሷ እየሰፋችው ነው። እኔም ከሰዓት ሱቁን ዘግቼ ሳጥን ተሸክሜ በየልብስ ሰፊው ቤት እዞራለሁ። ያልጻፈችልሽ፣ “ውሸት አልጽፍላትም፣ እውነቱንም አንተ ከልክለኸኛል” ብላ ነው።

ይሄ ቀላሉ ነው። ከባዱን ልንገርሽ።

ባለፈው ማክሰኞ ከግብር ቢሮ ተቆጣጣሪ መጣ። አፉ ላይ ፈገግታ የሚባል ነገር የለም፤ እንደዚህ ዓይነት ሰው ሳይ ምላሴ ያሳክከኛል፣ ታውቂኛለሽ። አንዷን ቁልፍ በሁለት ጣቱ አንስቶ፣

“ይህ ምንድን ነው?” አለኝ።

“ቁልፍ።”

“ምን ይከፍታል?”

እስኪ አንቺ ፍረጂ። እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ ዝም የሚል ሰው አለ?

“ሸሚዝ!” አልኩት።

አልሳቀም። አጎንብሶ ጻፈ። ጽፎ ሲጨርስ፣ “ይፈርሙ” አለኝ። እየሳቅሁ ፈረምኩ። ያነበብኩት ከፈረምኩ በኋላ ነው፤ “ነጋዴው ሸሚዝ የሚከፍት ቁልፍ እንደሚሸጡ በራሳቸው አንደበት አምነዋል” ይላል።

አሁን ፋይሌ ውስጥ ነው። መስኮቷ ጋ ያለችው ልጅ አሳየችኝ፤ እሷም አልሳቀችም። “አባቴ፣ የሚከፍት ቁልፍ እሸጣለሁ ብለው ፈርመው የለ? ከእንግዲህ በጽሑፍ የሚያቀርቡት ተቃውሞ አይታይም። የቀረዎት የምክር ቤቱ ስብሰባ ብቻ ነው” አለችኝ። ለመንደሩ የነገርኩት ቀልድ መንደሩ ውስጥ ይቀር ነበር። ለሱ የነገርኩት ግን ማኅተም ተመታበት።

ገንዘብ አትላኪልኝ። የምፈልገው ሌላ ነው፤ ጠይቄሽም አላውቅም። ስብሰባው ላይ የማነበውን ንግግር ጻፊልኝ። ቀልድ የሌለበት። አንድም። እኔ ስጀምረው ሦስተኛው መስመር ላይ ራሴ እስቃለሁ። ያንቺን እጅ ግን አላበላሸውም።

አጎትሽ


መጋቢት 21

ለውድ ጋሼ፤

አንደበትህን ያቅናልህ፣ ጉልበትህንም ያጽናልህ። ይኸው “አንተ” አልኩህ፤ ከረሜላውን ግን ገና ይቅር አላልኩህም።

ደብዳቤህ ከመድረሱ ሁለት ቀን ቀድሞ የአክስቴ ደብዳቤ ደርሶኝ ነበር። እንዳትቆጣት። አንተ ያልጻፍከውንም ጽፋልኛለች። ለአከራዩ በወሩ መጨረሻ እለቃለሁ ማለትህን፣ ሱቁም ለስልክ ከቨር ሻጯ መሰጠቱን። መንገድ ዳር በጃንጥላ ሥር የምትሸጠውን ማለቷ ይመስለኛል። ሳጥኖቹን ማሸግ ጀምረሃል አለችኝ። ታዲያ ንግግር ለምን ጻፊልኝ አልክ? ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ከዚያ ገባኝ። ስለ ራስህ ብቻ መናገር አልፈለግክም፤ ልብስ ሰፊው አለ፣ ወረቀት ሻጯ አለች። ደግሞ አሁንም ውስጥህ ተስፋ አለ፤ እሱንም ነው የደበቅከኝ።

እኔም የደበቅሁህ አለ። እዚህ ግብሩ ሲጨምር ትልልቆቹ ላውንደሪዎች ዋጋቸውን አልነኩም፤ ማሽናቸው ብዙ ነው፣ ይችሉታል። የኛዋ አሠሪ አልቻለችም። ሁለት ሴቶች አሰናበተች። ቁልፍ የሚጎድለው ልብስ ሁሉ ለኔ የሚጣለው ከቁልፍ ቤት ስለመጣሁ አይደለም፤ የሚሠራው ሰው ስላለቀ ነው። ቀጣይዋ እኔ እሁን አልሁን አላውቅም። ገንዘብ ልላክ ያልኩህ ያላት ሰው መምሰል ፈልጌ ነው።

ንግግሩ ይኸው። እንዳለ አንብበው። ከላይም ከታችም አትጨምርበት።

“የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፤ እኔ የልብስ ቁልፍ ሻጭ ነኝ። የምሸጠው አንድ በአንድ ነው፤ ምክንያቱም ከሰው የሚጠፋው አንድ በአንድ ነው። ግብር አልከፍልም አላልኩም፤ ስከፍል ኖሬያለሁ። ነገር ግን የምታስቡት ጭማሪ እኔ ጋ ሲደርስ ከአንድ ሳንቲም ያነሰ ነው፤ ደንበኛዬ ሊከፍለው ስለማይችል ከቤቴ ይወጣል። በመንገዳችን ላይ ያለን ነጋዴዎች ሁሉ እንዲሁ ነን። ትልቁ መደብር ጭማሪውን በብዛት ይሸፍነዋል። እኛ የምንሸፍነው ሱቁን በመዝጋት ነው። ሁለተኛ፣ በዝርዝራችሁ ውስጥ ቁልፍ ከካዝና ጋር ተጽፏል። የኔ ቁልፍ የሚዘጋው ልብስ ነው። እንድትለዩልን እንጠይቃለን።”

ከዚያ አመስግንና ተቀመጥ። እባክህ ጋሼ፣ ተቀመጥ።

የእህትህ ልጅ


ሚያዝያ 8

ለጥንቅቅ፤

ሥራሽን ያቆይልሽ፤ ካልቆየም ከዚያ የተሻለ በር ይክፈትልሽ። አሠሪሽ ካሰናበተችሽ በዚያው ቀን ጻፊልኝ። ያላት ሰው መምሰሉን ከኔ ነው የወረስሽው፤ ተይው፣ አያዋጣም።

ከስብሰባው በኋላ ብዙ ቆይቼ የጻፍኩት መጨረሻውን አይቼ ልጽፍልሽ ብዬ ነው። መጨረሻው ግን ገና አልመጣም። የሆነውን ልንገርሽ።

በጠዋት ሄድን። ልብስ ሰፊው፣ ወረቀት ሻጯ፣ ሌሎችም ነበሩ። አክስትሽም ስብሰባው ከዘገየ ብላ የከሰዓቱን ሥራ አስፈቅዳ መጥታ ነበር። አዳራሹ በር ላይ ስንደርስ ተቆልፏል። ጥበቃው ኪሱን ይዳብሳል፣ ከዚያ ወዲያ ይሮጣል፣ ተመልሶ ይመጣል። ቁልፉ ጠፋ! የምክር ቤቱ ሰዎችም ከኛ ጋር ኮሪደሩ ላይ ቆመው ቀሩ። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየና የተሰብሳቢዎችን ዝርዝር ገለጠ።

“እዚህ የቁልፍ ነጋዴ አለ ይላል። ማን ነው?”

ኮሪደሩ በሙሉ ወደኔ ዞረ።

“እኔ ነኝ።”

“እንግዲያውስ ክፈቱልን።”

የእህቴ ልጅ፣ ያን ጊዜ ምላሴ ላይ የመጣውን ብነግርሽ ዓመት ትስቂ ነበር። አራት ቀልድ መጣልኝ፤ አንዱ ካንዱ የሚበልጥ። ልብስ ሰፊው ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ እሱ ሳልናገር ሰምቶታል። ወረቀት ሻጯ ዓይኗን ጨፈነች። አክስትሽን አየኋት። ጣቷ ላይ የመርፌ ቁስል አለ፤ በጨርቅ አስራዋለች። ዋጥኩት። አራቱንም ዋጥኳቸው።

“የኔ ቁልፍ በር አይከፍትም” አልኩ።

“ታዲያ ምን ዓይነት ቁልፍ ነው?”

ከኪሴ አንዷን አውጥቼ በመዳፌ ላይ አሳየሁት። ባለአራት ቀዳዳ፣ ቡናማ። ሰብሳቢው አየው፣ ጎንበስ ብሎም አየው። ከዚያ ከኋላው አንዱ ፈነዳ፣ ሁሉም ተከተለ፤ ጥበቃው ሳይቀር። ሳልቀልድ የተሳቀብኝ በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው። ሌላ ጊዜ ሳቅ ሲመጣ ደረቴን ነፋ የማደርገው ሰውዬ፣ የት ልግባ አልኩ።

በሩ ተከፈተ፤ ትርፍ ቁልፍ ነበራቸው። ንግግርሽን አነበብኩት። እንዳለ። “የምንሸፍነው ሱቁን በመዝጋት ነው” የምትለዋ ላይ ድምፄ ትንሽ ተያዘ፤ ያንን ግን አልጨመርኩም፣ ራሱ ነው የመጣው። አመሰገንኩና ተቀመጥኩ። ወረቀት ሻጯ እጄን ጨበጠችኝ። ሰብሳቢውም፣ “በዝርዝሩ ውስጥ ያለውን ስህተት እናርማለን” አለ። ደስ አለን። ደስ ብሎን ወጣን።

አረሙት። ባለፈው ሰኞ የታረመው ዝርዝር ወጣ፤ ልብስ ሰፊው ገልብጦ አመጣልኝ። ሃያ አምስቱ ውስጥ እንዲህ ይላል፤ “ቁልፍ፣ የበርም ሆነ የልብስ።”

ሁለታችንንም አስገቡን። ባልናገር ኖሮ ቢያንስ ስህተት ነበር። አሁን ሕግ ሊሆን ነው። ድምፅ የሚሰጠው የፊታችን ሐሙስ ነው።

አክስትሽ “ጥሩ ነው የተናገርከው” ትለኛለች። ስትለኝ አታየኝም። ዛሬ ከሰዓት እረፍት ሰጥተዋት ሱቅ ከኔ ጋር ናት፤ መጋረጃ ብረቱን ግማሽ ድረስ አውርደን እያሸግን ነው። እንቁ መሳዩን ለብቻው፣ ከቀንድ የተሠራውን ለብቻው። ሐሙስን ጠብቀን እናሽግ ብላኝ ነበር፤ እኔ ነኝ አይ ያልኩት። ለአከራዩ ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ ቀኑም አልፏል፤ ከቨር ሻጯ ላሳለፍኳቸው ቀናት ክፍያ አልጠየቀችኝም፤ ምናልባት ደግ ሆና ነው። እውነቱን ልንገርሽ? እሷን እሸሻታለሁ። ጃንጥላዋ ያለበትን መንገድ ትቼ በወዲያኛው እዞራለሁ። ምን አድርጋኝ? ምንም። ከፀሐይና ከዝናብ ወጥታ አንድ ጊዜ ጣሪያ ያለው ነገር ተከራየች፤ ያን ማየት ነው ያቃተኝ።

ስለ ገንዘቡ ዳግመኛ ልለምንሽ፤ አት…

ቆዪ። ብረቱን የሚያንኳኳ አለ።

ጎንበስ ብላ የገባችው ማን ናት ብትዪኝ፣ እሷው ናት። ከቨር ሻጯ። አክስትሽ ቀና አለች፣ እኔ ብዕሬን እንደያዝኩ ቀረሁ። መደርደሪያ ልትለካ ነው ብዬ ከመንገዷ ዞር አልኩላት።

“ልለካ አይደለም ጋሼ” አለችኝ፤ ሁለት እጇ ላይ የታጠፈ ወረቀት ይዛለች። “አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው።”

“ጠይቂ።”

“ፈቃድ ሳወጣ ከቨር ብዬ ነበር የነገርኳቸው። ከቨር የሚባል ቃል የለም ብለው ‘የሽፋን ንግድ’ ብለው ጻፉልኝ። አዲሱ ዝርዝር ላይ ሽፋን ከጣሪያ ቆርቆሮ ጋር ነው ያለው። ሃያ አምስቱ ውስጥ።” የያዘችውን የዝርዝሩን ግልባጭ ዘረጋችልኝ። “ዛሬ ጠዋት ተቆጣጣሪ መጥቶ አንዱን ከቨር አነሳና፣ ‘ይህ ሽፋን ምን ይሸፍናል?’ አለኝ።”

“ሳቀ?”

“አይስቅም ሰውዬው።”

“ምን መለስሽለት?”

“ምንም። ግራ ገባኝ፣ ዝም አልኩ። ወረቀት አውጥቶ ፈርሚ አለኝ፤ ማንበቢያ መነጽሬ የለም ነገ ተመለስ አልኩት። መነጽር እኮ የለኝም ጋሼ፣ አድርጌም አላውቅ። ነገ በጠዋት ይመጣል።”

“አልፈረምሽም?”

“አልፈረምኩም።”

አክስትሽ ያሸገችውን ሳጥን ወደ ጎን ገፍታ ወንበሩን አቀረበችላት። የእህቴ ልጅ፣ ቀሪውን ሌላ ቀን፤ ተቃውሞ ልጽፍላት ነው፤ ያልፈረመ ሰው አግኝቻለሁ።